ሰባተኛውና ስምንተኛው መደብ

«ስለ ማሳዎ አያስቡ አያ ሙህሲን፤ ጨርሰነዋል» አለ ሙላው፣ ከጎናቸው ቁጢጥ ብሎ ወደ ጆሯቸው እየተጠጋ።

አያ ሙህሲን ከድንኳኑ ምሰሶ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው፣ ማን እንዳቀበላቸው የማያስታውሱትን ሻይ ይዘው ነበር። ሻዩ በርዷል። ልጃቸውን ኡሙሃኒን የቀበሩት ትናንት እሑድ ነው። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሰው የሚላቸውን ሁሉ «አሚን» እያሉ መቀበል ስለለመዱ፣ ለሙላውም «አሚን» አሉት። ያላቸው ነገር የገባቸው ቆይቶ ነው።

«ምኑን ጨረሳችሁት?»

«አቀንጭራውን ነዋ! ዛሬ ጎሕ ሲቀድ አሥራ ሰባት ሰው ሆነን ገባንበት። ያቺን እንጨትና ጨርቅ የተተከለባትን እንኳ ሳንተው ሙልጭ አድርገን ነቀልናት። ወላሂ፣ አሁን ቢያይዋት የአንቱ ማሳ አትመስልም።»

አያ ሙህሲን ሻዩን ምንጣፉ ላይ አስቀመጡ። «እንጨት የተተከለባትን... ሁሉንም?»

«አንድም አልቀረ!»

የሙላው ዓይን በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል፤ ጣቶቹ ላይ የአረሙ እድፍ አለ። ትናንት መቃብር ሲቆፍር ውሎ፣ ዛሬ ሳይነጋ ተነስቶ የጎረቤቱን ማሳ ሲያርም ያረፈደ ሰው ነው። ይህን ሰው ምን ብለው ይቆጡት?

«አላህ ጀዛችሁን ይክፈላችሁ» አሉ።

አቀንጭራ ከማሽላ ሥር ተጣብቆ ምጥጥ አድርጎ የሚያደርቅ አረም ነው። አበባው ሐምራዊ ነው፤ ለማያውቀው ሰው ያምራል። በቆቦ ሜዳ ላይ ያረሰ ሰው ግን ሲያየው ምራቁን ይተፋል። ሙላውና ጓደኞቹ ያደረጉት ሐዘን በገባበት ቤት ሁሉ የሚደረገውን ነው። ባለቤቱ ምንጣፍ ላይ በሚቀመጥባቸው ሦስት ቀናት ጎረቤት ከብቱን ያጠጣለታል፣ ማሳውን ያርምለታል፤ ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። ችግሩ፣ ያቺ እንጨት የተተከለባት ቁራጭ መሬት ላይ የነበረው አቀንጭራ ሆን ተብሎ የተተወ መሆኑ ነው። የተወችው ኡሙሃኒ ናት። ነገ ማክሰኞ ተማሪዎቿ መጥተው አንድ በአንድ ሊቆጥሩት ነበር።

እጃቸውን ወደ ኮታቸው ኪስ ሰደዱ። ሆስፒታል ውስጥ ነርሷ በፌስታል ያስረከበቻቸው የልጃቸው ዕቃ ሦስት ብቻ ነበር። ስልኳንና የእጅ ሰዓቷን ሚስታቸው ዚነት ወስደው ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበታል። ቀይ እስክሪብቶዋን ግን አያ ሙህሲን ለማንም ሳይናገሩ ኪሳቸው ከተቱት። አሁንም እዚያው አለ።

ከመጋረጃው ወዲያ፣ ከሴቶቹ በኩል፣ ሹክሹክታ ይሰማል።

«ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነበር አሉ።»

«ባል የለ፣ ልጅ የለ። ያን ሁሉ ተምራ፣ እንዲያው ምንም ሳትተው...»

«ኧረ ዝም በይ! አባቷ ይሰማሉ።»

አባቷ ሰምተዋል። አላህ ከሰጣቸው ልጆች ያደገችላቸው እሷ ብቻ ነበረች። ቃሉ ክፉ ሆኖ አልነበረም የከበዳቸው፤ ከአንድ ሰዓት በፊት ቢሆን ኖሮ «የለም፣ ማሳዋ አለ» ብለው በልባቸው ይመልሱ ስለነበር ነው።

*

ነገሩ የተጀመረው ዓምና ለዒድ ልትጠይቃቸው መጥታ ነው። ኡሙሃኒ በዩኒቨርሲቲ ለሥነ ሕይወት ተማሪዎች የምርምር ዘዴ ታስተምር ነበር። ይህ ምን ዓይነት ትምህርት እንደሆነ አያ ሙህሲን ለሰው ማስረዳት ተስኗቸው ኖሯል። ሐኪም ብትሆን ሐኪም ናት፣ መሐንዲስ ብትሆን መሐንዲስ ናት ይሉ ነበር። አንድ ጊዜ ራሷን ቢጠይቋት «ልጆቹ የሚያውቁትን ነገር በምን እንዳወቁት እንዲያሳዩኝ አደርጋለሁ» አለቻቸው። ይህ ደግሞ ጭራሽ አልገባቸውም። ቆቦ ገበያ ላይ ሰው ሲጠይቃቸው «ሳይንስ ነው» ብለው ይገላገላሉ።

ያን ዕለት ከማሳው ዳር አብረው ሲሄዱ፣ እንደ ዋዛ «ማሾ ጣልቃ የተዘራበት ማሽላ ላይ አቀንጭራ አይበዛም» አሏት።

«እንዴት አወቅክ አባዬ?»

«እንዴት አወቅክ? አርባ ዓመት አርሼ ነዋ!»

«አርባ ዓመት አይተሃል። ቆጥረህ ታውቃለህ?»

አኮረፉ። እራት እስኪቀርብ ድረስ አላናገሯትም። እሷ ሳቀች። «ተቆጣህ እንጂ አልመለስክልኝም» አለቻቸው። በሐምሌ ከሁለት ተማሪዎቿ ጋር ገመድ፣ ሜትርና አሥራ ሁለት እንጨት ይዛ ከተፍ አለች። ካላንደሩ ከተዛባ ወዲህ ዩኒቨርሲቲው ክረምት በጋ አይልም። ከማሳው ጥግ አሥራ ሁለት እኩል መደቦች ለክተው ከፈሉ። በስድስቱ ከማሽላው ጣልቃ ማሾ የሚባለው ጥራጥሬ ተዘራ፤ እንጨታቸው ላይ ነጭ ጨርቅ ታሰረ። በስድስቱ ማሽላ ብቻ ሆነና ቀይ ጨርቅ ታሰረ። ከዚያ ማንም ያላሰበው ትእዛዝ መጣ፤ ከአሥራ ሁለቱ መደቦች አንድም አቀንጭራ እንዳይነቀል።

«አረሜን ዝም ብዬ ላየው?» አሉ አያ ሙህሲን።

«ዝም ብለህ አይደለም። እየቆጠርክ።»

አገር ሳቀ። «የሙህሲን ልጅ ተምራ ተምራ አረም ታሳድግ ጀመር» ተባለ። እሳቸውም ቢሆኑ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አፍረው ነበር። መንገደኛ ቆሞ ጨርቁን እያየ ሲጠይቃቸው «ልጅቷ ናት እንጂ እኔ ምን አውቃለሁ» ይሉ ነበር። አንድም ቀን ተቀምጠው ለሙላው እንኳ አላስረዱትም። ቢያስረዱት ኖሮ ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ያን ያህል ሰው አስከትሎ አይገባባትም ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው አንጀታቸውን የበላቸው ይህ ነው።

*

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከቆቦ የመጣ ባጃጅ ድንኳኑ ፊት ቆሞ ይድነቃቸውንና ሰልዋን አወረደ። የመመረቂያ ሥራቸውን በዚያች ማሳ ላይ የሚሠሩት ሁለቱ የኡሙሃኒ ተማሪዎች እነሱ ናቸው። ለቀብር ከክፍላቸው ልጆች ጋር በአውቶቡስ መጥተው ነበር፤ ሌሎቹ ሲመለሱ እነሱ ለቆጠራው ብለው ቆቦ ሰንብተዋል። ባጃጁን መጀመሪያ ማሳው ጋ አስቁመውት እንደነበር ከጫማቸው ጭቃ ያስታውቃል። ያዩትን ደግሞ ፊታቸው ይናገራል።

ንፍሮ ቀረበላቸው። ይድነቃቸው በእጁ ዘግኖ ያዘው እንጂ አልበላም። ስለ ማሳው አንድም ቃል አልተነፈሱም፤ ለሐዘንተኛ አባት ይህን ከየት ጀምረው ይነግሩታል? ሰልዋ ጨነቃትና ሌላ ወሬ አነሳች።

«አባባ፣ ቲቸር የመጀመሪያ ቀን ክፍል ስትገባ ምን እንዳደረገች ልንገርዎት?»

«ንገሪኝ ልጄዋ።»

«ስሟን እንኳ አልነገረችንም። ሰሌዳው ላይ ‹እንዴት አወቅክ?› ብላ ጻፈችና ወጣች። ሩብ ሰዓት ያህል ተፋጠን ተቀመጥን። ተመልሳ ስትመጣ ‹የዚህ ትምህርት መምህርት እንደሆንኩ ማን ነገራችሁ?› አለችን። ለካ ማንም አልነገረንም! ሱፍ ለብሳ ጠመኔ ስለያዘች ብቻ ነው ያመንናት።»

ይድነቃቸው ሳያስበው ፈገግ አለ። «ከዚያ ወዲህ ምን ብንላት መልሷ ያው ነበር» አለ። «‹እንዴት አወቅክ?› ከየትኛው መጽሐፍ እንዳገኘችው አንድ ቀን ጠየቅናት። ‹ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከፍየል ነው› አለችን። ምን ማለቷ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባንም።»

አያ ሙህሲን ቀና አሉ። «ከምን አለቻችሁ?»

«ከፍየል።»

ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ‹ፍየሏን ጅብ በላት› እያለች፣ ንፍጧና እንባዋ ተደባልቆ እየሮጠች መጣች። ‹እንዴት አወቅሽ?› አሏት። ልጆች ነግረዋት ነው። ‹ደም አየሽ? ፀጉር አየሽ?› አላየችም። ‹በይ ነይ፣ አይተን እናልቅስ› ብለው እጇን ይዘው ወጡ። ፍየሊቱ በለስ አጥር ውስጥ ገመዷ ተጠምጥሞባት፣ ጆሮዋን እሾህ ከመቧጨሩ በቀር ምንም ሳትሆን ትጮህ ነበር። ያን ዕለት እስኪመሽ ድረስ ስቀውባታል። ከዚያ ረሱት። እሷ ግን ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ይዛው ዞራለች፤ በየዓመቱ አዲስ ልጅ በመጣ ቁጥር ሰሌዳ ላይ ስትጽፈው ኖራለች።

ከቀብር ጀምሮ እምቢ ያላቸው እንባ ያን ጊዜ መጣ። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። «አላህ ሰብሩን ይስጥዎት» «አብሽሩ አያ ሙህሲን» የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው መጣ። ሰልዋ ምን ክፉ እንደተናገረች ግራ ገብቷት አፏን ያዘች።

ከጋቢው ሥር ሆነው ግን ሁለቱ ልጆች የሚንሾካሾኩትን ሰሙ።

«ከተዘራ በዘጠነኛው ሳምንት የቆጠርነው በእጃችን አለ» ይላል ይድነቃቸው። «በዚያ ላይ ትንሽ ትንሽ ጨምረን የዛሬውን፣ የአሥራ ሁለተኛውን ሳምንት፣ እንሙላው። እዚያ ምን እንደነበረ አሁን ማን ያውቃል?»

«እኛ እናውቃለን።»

«ለራሴ ብዬ መሰለሽ? እኔ ሌላ ዓመት መድገም እችላለሁ። የሷ የመጨረሻ ሥራ ነው ሰልዋ። የዛሬው ቆጠራ ከሌለ እኮ ይጣላል። እንዲሁ ይጣል?»

አያ ሙህሲን ጋቢውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ድምፃቸው ግን ተመልሶላቸዋል።

«ልጄዋ፣ ወዲህ ጠጋ በል» አሉት። ይድነቃቸው የሰረቀ ሰው መስሎ ተጠጋ። «አትፈር። እኔም ሞልቼ አውቃለሁ።»

ከዚያ የነሐሴውን አርብ ነገሩት። ኡሙሃኒ ደብተር ሰጥታቸው፣ በየአርቡ ማሳዋን ዞረው አቀንጭራ የበቀለባቸውን መደቦች ብዛት ይጽፉ ነበር። በመሠረተ ትምህርት የተማሯት ቁጥር ለዚህ ትበቃለች። አንድ አርብ ወባ ጣላቸው። ሲሻላቸው ቦታው ባዶ መሆኑ ደብሯቸው፣ ካለፈው ሳምንት ተነስተው «ስድስት» ብለው ጻፉ። ስትመጣ ደብተሩን አገላበጠችና ቀና ብላ አየቻቸው። «አባዬ፣ ይህን አርብ እማዬ ‹ወባ ይዞት ተኝቷል› ብላ አልደወለችልኝም?» ጆሯቸው ድረስ ጋሉ። አልተቆጣቻቸውም። ስድስቱን ሰረዘችው፤ አጠገቡ ያለውን ባዶ ቦታ በዚያ ቀይ እስክሪብቶዋ ከበበችው። «ባዶ ነውር አይደለም» አለቻቸው። «ያላየኸውን እንዳላየህ ይናገርልሃል። ክቡ ደግሞ በኋላ ማንም አዝኖ እንዳይሞላው ነው።»

«ክቡን እኛንም አስተምራናለች» አለ ይድነቃቸው አንገቱን ደፍቶ።

«እንግዲያው ዛሬ አሥራ ሁለት ክብ ልናደርግ ነዋ» አለች ሰልዋ።

አያ ሙህሲን እያሰቡ ነበር። ልጅቷ ብትኖር አሁን ምን ትጠይቃለች? ‹ጠፋ› ቢሏት ‹እንዴት አወቅክ?› ነው የምትላቸው። ‹ነቀሉት› ይላሉ። ‹ነቀሉት ማለት ጠፋ ማለት ነው?›

«ሙላው!» ብለው ተጣሩ። ድንኳኑ ሁሉ ዞሮ አያቸው፤ ሦስት ቀን ሙሉ ድምፃቸው እንዲህ ከፍ ብሎ አልተሰማም። ሙላው ከደጅ እየሮጠ ገባ። «የነቀላችሁትን አረም የት አደረጋችሁት?»

«በየመደቡ ጫፍ ከምረነዋል፤ እያንዳንዱ የያዘውን። ዘሩ እንዳይበተን ዛሬ እናቃጥለዋለን። እንዲያውም ልጆቹን ክብሪት አስይዤ ልሄድ...»

«እንዳትነካው!»

ተነሱ። ሐዘንተኛ በሦስተኛው ቀን፣ የዱዓው ሰዓት ሳይደርስ፣ እንግዳ እየጎረፈ ምንጣፉን ትቶ አይነሳም። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ያዝ አድርገው «ሙህሲን፣ ሰው ይመጣል እኮ፤ ነውር ነው» አሏቸው። አያ ሙህሲን ቆመው ቀሩ። እግራቸው ሊሄድ ፈልጎ ነውሩ ያዛቸው።

ያን ጊዜ መጋረጃው ተገለጠና ዚነት ብቅ አሉ። ፊታቸው በለቅሶ አባብጧል። ከወዲያ ሆነው የተባለውን ሁሉ ሲሰሙ ቆይተዋል።

«ተዉት ይሂድ» አሉ። «እኔ እቀመጣለሁ። ሰው ከመጣ ልጃችን ጋ ሄዷል እላለሁ።»

*

ማሳው ከድንኳኑ ሩቅ አይደለም፤ የአስፋልቱ መኪና ድምፅ ይሰማበታል፣ የዞብል ተራራ ፊት ለፊት ይታይበታል። አያ ሙህሲን ሲወጡ ሙላው ተከተለ፤ ሙላው ሲሄድ ትናንት አብረውት ያረሙት ተከተሉ። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ምን ሊሆን ነው ብሎ ከኋላ ተንጋጋ። አቀንጭራው በየእንጨቱ ሥር ተከምሮ ጠውልጓል፤ አበባው ግን ገና ሐምራዊ ነው።

አያ ሙህሲን ዘወር ብለው ጎረቤቶቻቸውን አዩ።

«ስሙኝማ» አሉ። «ጥፋቱ የኔ ነው። እናንተ ያደረጋችሁት ወግ ነው፤ አላህ ይስጥልኝ። ልጄ ይህን አረም የተወችው ሰንፋ አልነበረም። ማሾ አቀንጭራን ያሸንፋል ብያት ነበር። እውነት መሆኑን በቁጥር ላሳይህ ብላ ነው። ስትስቁባት አብሬ አፈርኩባት እንጂ ይህን አልነገርኳችሁም።»

ሙላው እጁን አናቱ ላይ ጫነ። «ያ ረቢ! እኛ ነና ያበላሸነው!»

«ገና አልተበላሸም» አለች ሰልዋ ደብተሩን እየከፈተች። «ተነቀለ እንጂ አልጠፋም። የየትኛው መደብ እንደሆነ ካወቅን እንቆጥረዋለን። በል አንተ ጀምር። ያንተ የትኛው ነበር?»

«ሦስተኛው።»

«እንዴት አወቅክ?»

ሙላው ዓይኑን አፈጠጠባት። አያ ሙህሲን ፊታቸውን አዞሩ።

«እንዴት ማለት... እንጨቱ ላይ ሸበጤን ሰቅዬ ነበር። ጭቃ እንዳይበላው። እዪው፣ ይኸው ጭቃው ጨርቁ ላይ!»

ሄዳ አየች። ጭቃው አለ። ጻፈች።

ከዚያ የሆነው ነገር በዚያ ሜዳ ታይቶ አይታወቅም። ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶችና ጋቢ የደረቡ ወንዶች መሬት ላይ ተቀምጠው አረም መቁጠር ያዙ። ይድነቃቸው ከክምር ወደ ክምር እየሮጠ ያስተምራል። አንዱ ሽማግሌ፣ ቅድም ‹ነውር ነው› ያሉት፣ ሁለት ቅርንጫፍ ያለውን አንድ ልበል ሁለት ብለው ከጎናቸው ካለው ሰው ጋር ሙግት ገጠሙ። «በሥሩ ነው አባባ፤ አንድ ሥር አንድ ነው» አላቸው ይድነቃቸው። «ሥሩ የተበጠሰስ?» «ለብቻ ያስቀምጡት፤ እሱን ለብቻ እንጽፈዋለን።» ሽማግሌው ረኩ። ከዚያ በኋላ ሌላውን ሁሉ «አንተ፣ በሥሩ!» እያሉ የሚቆጡት እሳቸው ሆኑ።

ተናኜ ብቻ ቆማ ቀረች። ተናኜ ከኡሙሃኒ እናት ጋር አብራ ያረጀች፣ ንጹሕ ነገር የምትወድ ክርስቲያን ጎረቤታቸው ናት። ፊቷ ተለዋውጧል።

«እኔ ሁለት መደብ ነበር የያዝኩት» አለች። «ሰባተኛዋንና ስምንተኛዋን። ሁለት ቦታ መዝረክረኩ ደስ አላለኝምና... አንድ ላይ ከመርኩት። ከሁለቱ አንዱ ነጭ ነበረው፣ አንዱ ቀይ። አፈር በበላሁ!»

ሁሉም ክምሩን አየ። ከሁሉም ያማረ፣ ሥር ከሥር ገጥሞ የተደረደረ ክምር ነበር።

«ለሁለት ክፈሉት» አለች ተናኜ እንባዋ እየወረደ። «እኩል እኩል። ማንንስ ይጎዳል?»

ይድነቃቸው ደብተሩን አየ፣ ክምሩን አየ። አሥሩ መደብ ሞልቷል፤ ሁለት ቁጥር ብቻ ነው የጎደለው። ከዚያ «እንዴት እንዳወቅነው ቢጠይቁን መልስ የለንም እትዬ» አላት፣ በጣም በቀስታ። «እንተወዋለን። የርስዎ ጥፋት አይደለም። ለምን እንደተተወም እንጽፋለን።»

ተናኜ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች። «ምን ብላችሁ?»

«ለቅሶ ላይ ስለነበርን ብለን።»

ቁጥሩ ሲደመር ነጭ ጨርቅ ካለባቸው አምስት መደቦች አራቱ ላይ አቀንጭራው ከቀዮቹ ግማሽ እንኳ አልሞላም። አምስተኛው ነጭ ግን ከአንዱ ቀይ በልጦ ቁጭ አለ። ሙላው ደነገጠ። «ይህችን አንሷት እንጂ፤ የአያ ሙህሲንን ቃል ታበላሻለች!»

አያ ሙህሲን ሳቁ። ከልጃቸው ሞት ወዲህ የመጀመሪያው ነው፤ አጭር ነበር፣ ግን ሳቅ ነበር። «ተዋት ትቀመጥ» አሉ። «ምናልባት ተሳስቼ ይሆናላ። ወይ ያቺ ጥግ ጎርፍ ይተኛባታል። እኔ ምን አውቃለሁ?» ይህን ‹እኔ ምን አውቃለሁ› አሁን ሲሉት ዓምና መንገደኛን ሲሸሹበት እንደነበረው አልሆነም።

«ምርቱን ማወዳደር አንችልም፤ ትናንት ሁሉም እኩል ታርሟል» አለች ሰልዋ። «ያንንም እንጽፋለን። ቆጠራው ግን ተርፏል አባባ። ሥራዋ አይጣልም።»

«ለከርሞ ከኔ ማሳም አሥራ ሁለት መደብ ለኩ» አለ ሙላው። «ያን ጊዜ ግን ማንም እንዳይነካው እኔው ራሴ እለፍፋለሁ። ደግሞ ቢስቁ ይሳቁ።»

ሰዉ ወደ ድንኳኑ መመለስ ጀመረ። የዱዓው ሰዓት ደርሷል። አያ ሙህሲን አልተነሱም። ድንበሩ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ወደ ሰልዋ ዘረጉ፤ ደብተሩን ሰጠቻቸው። የአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ረድፍ ላይ ቁጥሮቹ ተደርድረዋል፤ ከስድስተኛው ቀጥሎ ሁለት ቦታ ባዶ ነው። ከወረቀቱ ራስጌ ላይ የኡሙሃኒ እጅ ጽሑፍ አለ፤ ለመደቦቹ ቁጥር የሰጠቻቸው እሷ ናት።

ከኮታቸው ኪስ ቀይ እስክሪብቶውን አወጡ። ሁለቱ ልጆች አወቁት። የሰባተኛውን ባዶ ቦታ ከበቡት። ክቡ ትንሽ ተጣመመ። ወደ ስምንተኛው አለፉ። ይህኛውን ቀስ ብለው ሄዱበት፤ ዙሩ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ይብሱን ዘገዩ፣ ጫፉ ከጫፉ እስኪገጥም ድረስ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አላነሱም።